ለ1971 ፒካፕ ራዲያተር ስንመርጥ

ልጄ የገዛችው መኪና በዕድሜ ይበልጠኛል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 የተሠራ ሼቭሮሌ ሲ-10 ፒካፕ ነው። ቀለሙ አንድ ጊዜ አረንጓዴ የነበረ፣ የመጫኛውን ወለል ዝገት የበላው፣ በሮቹ ሲዘጉ እንደ ቆርቆሮ አጥር የሚጮኹ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታ ባጠራቀመችው ገዛችው። እናቷ "ሰው አዲስ መኪና ይመኛል፣ አንቺ የአያትሽን ዘመን መኪና!" ብላ ነበር። እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን ሳየው ዝም አልኩ። ስምንት ሲሊንደር፣ 350 ኩቢክ ኢንች፣ በሊትር 5.7። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ። እጅ እንደልብ የሚገባበት ሞተር ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው።

የበረዶውን ወራት በሙሉ ጋራዣችን ውስጥ አሳለፍን። ካርቡሬተሩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የቤንዚን ታንከሩን አንድ በአንድ አዳረስን። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ አንድ ዕቃ ላይ ቆመ። ራዲያተሩ ላይ።

ልጄ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ከተራሮቹ ማዶ፣ ግራንድ ጀንክሽን ነው። እኛ የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። በመካከሉ ኢንተርስቴት 70 አለ። መንገዱ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ይገባል። የዋሻው የመጀመሪያ መስመር የተከፈተው በ1973 ስለሆነ ፒካፑ ዋሻውን በሁለት ዓመት ይቀድመዋል። ባለቤቴ ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው፦ "ውሃ የሚያፈላ መኪና ይዛ ብቻዋን ተራራ አትወጣም። ወይ የሚታመን ራዲያተር ይገባለታል፣ ወይ በአውቶቡስ ትሄዳለች።"

ከልጄ ቁጠባ የቀረው 450 ዶላር ነበር።

ራዲያተር ምን እንደሚሠራ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤንዚን ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ሲሶ ያህሉ በሞተሩ ዙሪያ ለሚዞረው ውሃ ይደርሰዋል። ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ብረት ይጣመማል፣ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ሞተሩም ይሰናበታል። ስለዚህ ፖምፓው የሞቀውን ውሃ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል። ውሃው በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። በቱቦዎቹ መካከል እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ እነሱ ሙቀቱን ተቀብለው ለነፋሱ ይሰጡታል። ቀዝቀዝ ያለው ውሃ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም። ቪልሄልም ማይባህ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ለ1901ዱ መርሴዲስ የሠራው ራዲያተር የማር እንጀራ የሚመስል ነበር፤ 8,070 ትናንሽ ቱቦዎች ነበሩት። መኪናውን ያዘዘው ነጋዴ ኤሚል የሊኔክ ነው፤ መርሴዲስ የሚለው ስምም የልጁ ስም ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት "የእኔን ስም ደግሞ ለራዲያተር እንዳትሰጥብኝ" አለችኝ።

ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ ስል እሷም ልክ እንደ እናንተ ግራ ይገባታል። እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ደግሞ ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የሞተሩ ክዳን ኮፈን ነው። ማርሹ ያለበት ሳጥን ካምቢዮ ነው። ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ትልቁ ብረት ቴስታታ፣ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ውሃና ዘይት እንዳይፈስ የሚያደርገው ስስ ነገር ጓርኒሲዮን። ልጄ የእንግሊዝኛውን ስም ከቪዲዮ ተምራለች፤ እኔ የአጎቴን እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዕቃውን በጣታችን እናሳያለን። ደብተር ገዝታ መጻፍ ጀመረች። በጣም የወደደችው ስታኞ የሚለውን ነው። ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጦ መዳብና ነሐስ ማጣበቅ ማለት ነው፤ የድሮ ራዲያተር ሁሉ የሚያያዘው በዚያ ነው።

ራዲያተርን ማክበር የተማርኩት ግን ከአጎቴ ሳይሆን ከዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና እንደገና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በልጅነቴ በዚያ ስናልፍ ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት የጭነት መኪናዎች ዳገቱ ላይ ጥግ ይዘው፣ እንፋሎታቸው እየተነነ ቆመው አይ ነበር። ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፋል፤ ከዚያ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ሾፌሩ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ማንም አይነካም። አንድ ጊዜ የነካ ረዳት አይቻለሁ፤ ፊቱን ዛሬም አልረሳሁትም። ልጄን ያስተማርኳት የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው፦ የላይኛውን ቱቦ በእጅሽ ጨምቀሽ ለስላሳና ቀዝቃዛ ካልሆነ ክዳኑን አትክፈቺ።

መኪና ሞቀ ማለት ግን ራዲያተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል። መጀመሪያ የጠየቅኳት መቼ እንደሚሞቅ ነው። መኪናው ቆሞ፣ መብራት ላይ ወይም በትራፊክ ውስጥ ከሞቀ፣ ብዙውን ጊዜ የነፋስ ጉዳይ ነው፤ ቬንትሌተሩን ወይም በዙሪያው ያለውን መከለያ ማየት ያስፈልጋል። በፍጥነት ሲነዳ ከሞቀ ግን ነፋሱ በራሱ ይገባልና ችግሩ ያለው ውሃው ጋ ነው። የተደፈነ ራዲያተር ሊሆን ይችላል፣ የማይከፈት ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ፖምፓው ሲስበው የሚጣበቅ የታችኛው ቱቦ። የእሷ ፒካፕ ቆሞ ምንም አይልም። ሃይዌይ ላይ 20 ደቂቃ ሲነዳ ግን የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ይወጣል።

ቴርሞስታቱን ፈትተን ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጣድነው። 195 ዲግሪ ፋራናይት ላይ፣ በሴልሺየስ 90 ገደማ ማለት ነው፣ ልክ እንደተጻፈበት ተከፈተ። ድስቱ ከዚያ በኋላ ወደ ኩሽና እንዳይመለስ ባለቤቴ አዘዘች፤ ልክ ናት፣ የሞተር ፈሳሽ መርዝ ነው። የታችኛው ቱቦም ደህና ነበር። በመጨረሻ ሞተሩን አሙቀን፣ ሳይነካ ሙቀት በሚለካ ቴርሞሜትር የራዲያተሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር ለካን። ጤነኛ ራዲያተር ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የእኛው ግን መሐሉ ላይ ሰፊ ቀዝቃዛ መስመር ነበረው። ነፋሱ አቀዝቅዞት አይደለም። ሙቅ ውሃ እዚያ አይደርስም ነበር፤ ቱቦዎቹ በዝገትና በደለል ተደፍነዋል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ማስጠገን ነበር የፈለግኩት። አጎቴ ጋ ራዲያተር አይጣልም ነበር። ታንኩ በእሳት ይላቀቃል፣ ቱቦዎቹ በቀጭን ብረት ይጠረጋሉ፣ ቀዳዳው በስታኞ ይደፈናል፣ መኪናው ይሄዳል። መርካቶ ሶማሌ ተራን ያየ ሰው የመኪና ዕቃ ሁለትና ሦስት ዕድሜ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ እስከ ዛሬ የመዳብ ራዲያተር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አፈላልገን ወሰድንለት። ዕቃውን አገላብጦ አየው። ጣቱን ቅጠሎቹ ላይ ሲያሳልፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፉ። "ታንኮቹ ጥሩ ናቸው፣ መሐሉ ግን አልቋል" አለን። መጥረግና መበየድ አያድነውም፤ መሐሉ በሙሉ በአዲስ መቀየር አለበት። ዋጋው 900 ዶላር፣ ጊዜው አምስት ሳምንት።

መኪናው ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ፣ ሁሉ ነገሩ እንደ ፋብሪካው መሆን ያለበት ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ዛሬም ያን መንገድ እመርጣለሁ። የልጄ ፒካፕ ግን መጻሕፍትና ብርድ ልብስ ጭኖ ተራራ የሚወጣ የሥራ መኪና ነው። ወደ አሉሚኒየም ዞርን።

እዚህ ላይ ተከራከርን። እኔ መዳብ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሙቀት ያስተላልፋል አልኳት፤ ይህ የታወቀ ነው። እሷ ስልኳን አወጣች። "አባዬ፣ ልክ ነህ፤ የመዳብ 400 ያህል ነው፣ የአሉሚኒየም 235 ያህል። ታዲያ አዳዲሶቹ መኪናዎች ሁሉ ለምን አሉሚኒየም ሆኑ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ማዕድኑ ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ ነው። በድሮው ራዲያተር ቱቦው ነሐስ ነው፣ ቅጠሉ መዳብ ነው፣ በመካከላቸው ስታኞው አለ። ስታኞ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከሁለቱም በጣም ያንሳል። በተጨማሪ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቱቦው ሰፊ ከተደረገ በግፊት ይነፋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ገደማ ስፋት ያለው ጠባብ ቱቦ ነው የሚሠራለት። አሉሚኒየም ግን አንድ ኢንች ሰፊ ቱቦ ይችላል። ሰፊ ቱቦ ብዙ ቅጠል ይነካል። ክብደቱስ? በእኩል መጠን መዳብ የአሉሚኒየምን ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። የድሮውን ከመኪናው ላይ ያወረድነው ሁለት ሆነን ነው፤ አዲሱን እሷ ብቻዋን በአንድ እጅ ይዛ ገባች።

ሻጮች የሚያታልሉበት ቦታ የረድፍ ቁጥር ነው። ረድፍ ማለት ከፊት ወደ ኋላ ስንት ቱቦ ተደርድሯል ማለት ነው። ሰው ሁለት ረድፍና አራት ረድፍ አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ አራቱን ያነሳል፤ እንጀራም ሲገዛ እንዲሁ ነው፣ የበዛውን። ነገር ግን ባለ ግማሽ ኢንች አራት ረድፍና ባለ አንድ ኢንች ሁለት ረድፍ የቱቦ ስፋታቸው ሲደመር እኩል ሁለት ኢንች ነው። ልዩነቱ አራት ረድፉ በረድፎቹ መካከል ባዶ ክፍተት ይዞ ይወፍራል። ነፋሱ መጀመሪያ የፊተኛውን ረድፍ ያቀዘቅዛል፤ አራተኛው ጋ ሲደርስ ራሱ ሞቋል፣ ደግሞም ወፍራሙን ሰንጥቆ ለማለፍ ይቸገራል። ከውፍረት ይልቅ የፊት ስፋት ይጠቅማል፣ ማለትም ነፋሱ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ። ሲ-10 በዚህ ዕድለኛ ነው። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ 28 ኢንች ያህል ወርድ ያለው ራዲያተር ይገባለታል፤ ውሃውም ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ነው የሚሄደው።

ልጄ ሦስት አማራጭ ይዛ መጣች። አንደኛው ከአደጋ መኪና የወጣ፣ የአዲስ ፒካፕ ራዲያተር፣ 60 ዶላር። መሐሉ አሉሚኒየም ነው፣ የጎንና የጎን ታንኮቹ ግን ፕላስቲክ ናቸው፤ በብረት ጥርስ ተነክሰው በጎማ የተያያዙ። ፕላስቲክ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲመላለስ ይሰነጠቃል፣ ደግሞ የያዘው ሰው ስንት ዓመት እንደነዳው አይታወቅም። ሁለተኛው ባለ አራት ረድፍ፣ 190 ዶላር፣ "ለማንኛውም ሼቭሮሌ ይሆናል" ተብሎ የተጻፈበት። ለማንኛውም ይሆናል የተባለ ዕቃ ለማንም በትክክል አይሆንም፤ ቀዳዳ መብሳት፣ ብረት መቁረጥ ይመጣል። ሦስተኛው ከ1967 እስከ 1972 ለተሠሩት ፒካፖች ተለክቶ የተሠራ፣ ሁለት ረድፍ ባለ አንድ ኢንች ቱቦ፣ ታንኮቹም አሉሚኒየም ሆነው የተበየዱ፣ 385 ዶላር።

ቁጥሩ ልብ ይነካል፤ ከ450 ላይ 385 ሲነሳ የሚቀረው ለቱቦ፣ ለክዳንና ለፈሳሽ እንኳ አይበቃም። ልጄ አንድ ቀን ሙሉ ሁለተኛው ላይ ቆየች። እኔ ገንዘቡን ልጨምርልሽ አላልኩም፤ መኪናው የእሷ ነው፣ ይህን ከመጀመሪያው ተነጋግረናል። ይልቅ ካርቶን ቆርጠን እንለካ አልኳት።

የሁለተኛውን ራዲያተር ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በካርቶን ሠርታ ቦታው ላይ አቆመችው። ከዚያ ራሷ አየችው። በቬንትሌተሩና በካርቶኑ መካከል የቀረው ክፍተት ጣት አያስገባም ነበር። ሞተር በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ይንቀሳቀሳል፤ ቢያንስ አንድ ኢንች ካልተተወ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን ይበላዋል። በዙሪያው ያለው መከለያም አይገጥምም ነበር። መከለያው ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ያለ እሱ ግን ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ፊት ሳይሆን ከጎንና ከጎን ያገኘውን ነፋስ ነው የሚስበው። የቬንትሌተሩ ክንፍ ግማሹ መከለያው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሲሆን ጥሩ ይስባል። ሦስተኛውን ስንለካው ለሁሉም ቦታ ነበረው። የቱቦ አፎቹም የፒካፑ ነበሩ፣ ላይኛው አንድ ተኩል ኢንች፣ ታችኛው አንድ ከሦስት አራተኛ።

ሌላ ጉዳይ ነበር፣ ካምቢዮው። ፒካፑ አውቶማቲክ ስለሆነ የካምቢዮው ዘይት በሁለት ቀጭን የብረት ቱቦዎች መጥቶ በራዲያተሩ ታንክ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ ያልፋል። ዳገት ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብዙ ይሞቃል። ርካሹ ራዲያተር ይህ አልነበረውም፤ ለእጅ ማርሽ የተሠራ ነው። ይህን ስታነብ "በቃ" አለች። ሁለት ቅዳሜ ተጨማሪ ሰዓት ሠርታ ሦስተኛውን አዘዘች።

አሁን ወደ ክዳኑ። እኛ አበሾች ከፍታና መፍላትን ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ዴንቨር በ95፣ አዲስ አበባ በ92 ገደማ። ከከተማው ይልቅ ተራራው የባሰ ነው፤ ዋሻው ጋ 89 ገደማ ላይ ይፈላል። ይህን ለልጄ ሳስረዳ ባለቤቴ ከኩሽና ሰማችኝና ገባችበት፦ "አዲስ አበባ ሽንብራ አልበስል ሲል ምን እናደርጋለን? ፕሬዠር ኩከር!" ከእኔ የተሻለ አስረዳችው። የራዲያተር ክዳን የፕሬዠር ኩከር ክዳን ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊት ሲጨምር መፍያው ይርቃል። በእያንዳንዱ ፓውንድ በስኩዌር ኢንች 1.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ ባለ 15 ፓውንድ ክዳን 25 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ልጄ ባለ 22 ፓውንድ ክዳን አይታ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ግፊቱ የሚሄደው አዲሱ ራዲያተር ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው የ1971 ማሞቂያም ትቀምሰዋለች፣ እሷ ደግሞ አርጅታለች። 15 አደረግን።

ከፍታ የሚያስከፍለው ሌላም አለ። ዋሻው ጋ አየሩ ከባሕር ወለል ሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ራዲያተር ሙቀቱን የሚሰጠው ለአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ተቀባዩ አነሰ ማለት ነው። ለዚህ ነው በሜዳ የሚበቃ ራዲያተር እዚህ ላይበቃ የሚችለው፤ ለባለቤቴም ነገሩ ቀልድ ያልሆነባት ለዚህ ነው።

መግጠሙ አንድ ቀን ፈጀ። አሉሚኒየም በብሎን ተወጥሮ መያዝ አይወድም። ከላይና ከታች ጎማ ተደርጎለት፣ መንገዱ ሲንጠው ትንሽ እንዲንሳፈፍ ይተዋል። የካምቢዮውን ቱቦዎች ስታጠብቅ ሁለት መፍቻ እንድትይዝ ነገርኳት፤ አንዱ የራዲያተሩን አፍ ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል፤ አለዚያ አፉ ይጠመዘዝና ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሎ የእንጆሪ ወተት ይመስላል፣ ያን ጊዜ ካምቢዮውም አለቀ። ፈሳሹ ለአሉሚኒየም የሚሆን፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ የሆነ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው አንጠቀምም። ጎረቤታችን ውሻ ስላለው ደግሞ የፈሰሰውን ሁሉ ወዲያው በውሃ አጥበን ጠረግን። ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፣ እንስሳም ሕፃንም ይልሰዋል፣ ይገድላል። ሕፃን ያላችሁ ቤት ውስጥ ጀሪካኑን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ ልጄ ያላሰብኩትን አደረገች። አሮጌ ሽቦ ያለው መኪና ኤሌክትሪኩ በመሬት ሽቦው በደንብ ካልተመለሰ በራዲያተሩ ውሃ በኩል መንገድ ፈልጎ አሉሚኒየሙን እንደሚበሳው አንብባ ነበር። የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ የራዲያተሩ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጋ፣ መብራቱን ሁሉ አብርታ ለካች። 0.3 አለ። ከ0.1 በታች መሆን አለበት። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የበሰበሰ ሽቦ ቀይራ እንደገና ስትለካ 0.04 ሆነ። አጎቴ ይህን አያውቅም ነበር። ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ወጣን። ባለቤቴ ምንም ሳትል ሁለት ጀሪካን ውሃ መጫኛው ላይ አስቀምጣለች። ልጄ ነዳች። ፍሎይድ ሂል ላይ መርፌው 195 ፋራናይት ላይ ተቀምጦ አልነቃነቅ አለ። ጆርጅታውን ካለፍን በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊታችን ገባና ፍጥነታችን ወረደ፣ መርፌውም መነሣት ጀመረ። 200። 204። ማንም አልተናገረም። 208 ላይ ቆመ፤ በሴልሺየስ 98 ገደማ ነው። ያለ ክዳኑ ንጹሕ ውሃ ቢሆን ከዚያ በፊት ፈልቶ ነበር። ከዋሻው በፊት ባለው መውጫ ወጥተን ሞተሩን ሳናጠፋ አሥር ደቂቃ ቆምን። ቬንትሌተሩና መከለያው ሥራቸውን ሠሩ፤ መርፌው ወደ 195 ተመለሰ። ስልኩ ጮኸ። "ፈላ?" አለች እናቷ። "አልፈላም እማዬ።" "ውሃውን ግን አታፍስሱት፤ ይዛችሁት ተመለሱ።"

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬኑ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ልጄ ቤት እንደደረስን ደብተሯን አውጥታ ራዲያተር የሚለውን ሰረዘች፤ ከሥሩም "የፊት ፍሬን ሸራ፣ ሁለቱም ጎማ፣ ከነሐሴ በፊት" ብላ ጻፈች። የድሮውን ራዲያተር ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሸጠችው። በመዳቡ 41 ዶላር አገኘችበት፤ ያም ለፍሬኑ ገባ።